ነሐሴ በሮም፣ ከማሪሳ ቀኝ ክንድ ጋር

ወደ ሮም የምሄድበትን ወር የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ስለዚህ በኋላ ለደረሰብኝ ሁሉ በማንም ላይ ማሳበብ አልችልም። የግብዣው ወረቀት «በሚመችዎ ጊዜ ይምጡ» ነበር የሚለው። እኔ ቢሾፍቱ ውስጥ የጋሪ ፈረሶችንና የአህዮችን እግር ሳክም የኖርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተጋበዝኩትም ሮም ዳርቻ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ አንድ ሳምንት ተቀምጬ፣ የፈረስ መገጣጠሚያ ሲታመም በአልትራሳውንድ እንዴት እንደሚመረመር እንዳይ ነበር። እኛ ዘንድ ነሐሴ ጋሪው ጭቃ ውስጥ የሚሰምጥበት፣ ተማሪው ቤቱ የሚውልበት፣ ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበት ወር ነው። የሌላው አገር ነሐሴም እንደዚያው መስሎኝ የዝናብ ካፖርቴን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የላስቲክ ቦቲዬን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጧት ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ የተቀበለኝ ወላፈን የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት የሚወጣውን ዓይነት ነው። የባለቤቴ አክስት እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን በባርኔጣ ፈንታ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። ሮም ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ በንግግራቸው መሀል ጣሊያንኛ ጣል ያደርጋሉ፤ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ቤት እያደሩ ይጦራሉ። እዚያ አገር ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ባዳንቴ ይባላል። ስመውኝ ሲያበቁ ክንዴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ካፖርት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ለዝናቡ ነው እትዬ።»

«የምን ዝናብ? አሎራ፣ እዚህ በነሐሴ የሚዘንበው ላብ ብቻ ነው። ከተማው እንዳለ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዷል። የቀረነው እኛና ድመቶቹ ነን።»

ያሳረፉኝ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር፣ ለሐሙስና ለእሑድ ዕረፍታቸው ብለው በተከራዩት ክፍል ነው። አልጋ፣ አንዲት ምድጃና ወደ ትራሙ ሐዲድ የሚያይ መስኮት አለው። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ እንጀራና ምስር ገዝተው፣ ሽሮውን በጠርሙስ አድርገው፣ ጎመኑን ቀቅለው ጠብቀውኛል። አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት የሚበላው ሳይሆን አንድ ማኅበር የሚጠጣበት ዝግጅት ነው። «የሚስቱ አክስት ጋ ሄዶ ከስቶ ተመለሰ የሚል ወሬ እዚያ እንዲደርስ አልፈልግም» አሉኝና ወደ አሮጊታቸው ሄዱ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ቅዳሴው ከቢሾፍቱው አንድም አልጎደለበት፤ የጎደለው ከቅዳሴ በኋላ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽ ግቢው ውስጥ ለሚያውቋቸው ሁሉ «የመገጣጠሚያ ሐኪም ነው፣ ከአገር ቤት የመጣ» እያሉ አስተዋወቁኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ጉልበታቸውን የሚያሳዩኝ ሴቶች ከበቡኝ።

«እኔ እኮ የፈረስ ሐኪም ነኝ» አልኩ።

«ታዲያ እኛ ከፈረስ በምን ተሻልን?» አለች አንዷ፣ ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ። «ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ እንውላለን። ፈረስስ ማታ ይፈታል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የሰው ሐኪም ጋ እንዲሄዱ ከመምከር ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም፤ ግን ጉልበታቸውን አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

ሰኞ በሜትሮ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ባቡሩ ሹፌር የለውም፤ ከፊት ሆኜ የሐዲዱን ዋሻ እያየሁ የሚመራውን ፍለጋ ስንጠራራ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ። ተመልሼ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ኮሪደሩ ጨለም ብሏል፣ በየክፍሉ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ ስለ ዕረፍት ነው የሚያወራው። በመጨረሻ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ባልዲ ተሸክማ መጣች። ዶክተር ፍራንቼስካ ነች። በእንግሊዝኛ ተግባባን።

«የፈረስ ክፍሉ ሐኪም ሰርዲኒያ ነው ያለው» አለችኝ። «በነሐሴ ና ያለህ ማን ነው?»

«ራሴ ነኝ።»

የባልዲውን አንዱን ጆሮ ያዝልኝ ብላ ሰጠችኝ። ባልዲው ሰርዲን ሞልቶታል። «ፈረስ የለንም፤ የባሕር ኤሊ ግን አለን። ለእነሱ ዕረፍት የለም። እዚህ አሁን በጋ ነው፤ ጀልባውም መረቡም ይበዛል፣ በሽተኛውም ይበዛል።»

እኔ የማውቀው ኤሊ ወደ ሆራ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ልጆች በእንጨት የሚነካኩትን ነው። ፍራንቼስካ ገንዳው ውስጥ ያሳየችኝ ማሪሳ ግን የመሶብ ክዳን ታክላለች፤ ቡናማ ቅርፊት፣ የጡጫ ያህል ጠንካራ ራስ፣ የተቆጣ ሽማግሌ ዓይን አላት። ከፊት የሚቀዝፉ ሁለት እግሮች ሊኖሯት ሲገባ የግራው የለም። ከጥቂት ወራት በፊት ሲኞር ኤሊዮ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ ተጠላልፋ ደሙ ቆሞበት ስለበሰበሰ ፍራንቼስካ ቆርጣዋለች። ስሟን ያወጡላት ራሳቸው ዓሣ አጥማጁ ናቸው፤ በባለቤታቸው ስም። እልኸኝነታቸው አንድ ነው ብለው።

«በአንድ የፊት መቅዘፊያ ባሕር ውስጥ መኖር ይቻላል» አለችኝ ፍራንቼስካ። «ብዙዎች ይኖራሉ። ለሽማግሌውም ወደ ባሕር እመልሳታለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። አሁን ደግሞ ይኼ መጣ።»

ጣቷን ተከትዬ አየሁ። በቀረው በቀኙ መቅዘፊያ ላይ፣ ክርኑ ጋ፣ የሎሚ ያህል አብጧል። ማሪሳ ምግብ ካቆመች ሰንብታለች። ኢንፌክሽኑ መገጣጠሚያውን አልፎ አጥንት ውስጥ ከገባ ይኼንንም መቁረጥ ግድ ነው፤ ሁለቱም የፊት መቅዘፊያ የሌላት ኤሊ ደግሞ ወደ ባሕር አትመለስም። በገንዳ ውስጥ እየተሰቃየች ከምትኖር በማደንዘዣ ትሰናበታለች። ፍራንቼስካ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እስከ መጪው ቅዳሜ መወሰን ነበረባት።

ማክሰኞ ያዋረደኝ ቀን ነው። ማሪሳን ከገንዳው አውጥተን እርጥብ ፎጣ ላይ አስተኛናት። እኔ እንደ ልማዴ የእጄን ጀርባ መጀመሪያ እብጠቱ ላይ፣ ቀጥሎ ከእሱ ራቅ ያለ ቦታ ላይ አሳረፍኩ። እኛ ጋ የሚመጣ ፈረስ መገጣጠሚያው ከተመረዘ ገና እጅህ ሳይደርስ ሙቀቱ ይሰማሃል፤ የጋሪ ነጂዎቹም ሳይቀሩ በእጃቸው ጀርባ ዳስሰው «እሳት ሆኗል ዶክተር» ብለው ነው የሚያመጡልኝ። የማሪሳ ክርን ቀዝቃዛ ነበር። ደስ አለኝ።

«አልሞቀም» አልኩ። «ይኼ የተመረዘ መገጣጠሚያ አይደለም።»

ፍራንቼስካ ቴርሞሜትር አወጣችና ገንዳው ውስጥ ነከረችው፤ ከዚያ የማሪሳን ሙቀት ለካች። ሁለቱም አንድ ናቸው። «የእሷ ደም የሚሞቀው ውሃው ሲሞቅ ነው» አለችኝ በለሆሳስ። «ክርኑ ነዶ ቢያልቅ እንኳ እጅህ አያውቀውም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይህን ሁሉ ዘመን ስተማመንበት የኖርኩት የእጄ ጀርባ እዚህ ለምንም አይረባም። የኤሊዎች መግልም እንደ ፈረስ መግል እንደማይፈስ፣ እንደ አይብ ረግቶ እንደሚቀመጥ ጨምራ ነገረችኝ፤ ስለዚህ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ጥርት ቢል እንኳ ብቻውን አያስተማምንም። ማታ እትዬ ወርቅነሽ ደውለው ሥራው እንዴት ነው ሲሉኝ የሆነውን አጫወትኳቸው። «እና ዓሣ ናት እንዴ? ጾም እኮ ነው፣ እንዳትነካካ» አሉኝ። ዓሣ እንዳልሆነች፣ ብትሆንም ልበላት እንዳልመጣሁ አስረዳኋቸው። «ቫ ቤኔ፣ ግን እጅህን ታጠብ» ብለው ዘጉት።

ረቡዕ ራጅ አነሣናት። እዚህ ነው ችግሩን በደንብ ያየሁት። አንድ መገጣጠሚያ የታመመ ሲመስለን እኛ ሐኪሞች ሌላውን ጎን አንስተን እናስተያያለን፤ ጤነኛው ጎን ነው በሽተኛውን የሚያጋልጠው። ማሪሳ ሌላ ጎን የላትም። በፊልሙ ላይ ክርኑ አጠገብ ደብዘዝ ያለች ጥላ ትታያለች፤ የበሽታ ትሁን የተፈጥሮ የሚነግረን ግን የለም። ፍራንቼስካ ከሌላ ገንዳ አንድ ጤነኛ ኤሊ አምጥታ የእሱን ክርን አነሣችው። ጥላዋ እሱም ላይ አለች፤ ግን ትንሽ ታንሳለች። ሲቲ ስካን ነገሩን ይለይልን ነበር፤ ማሽኑ ወዳለበት ሌላ ክሊኒክ ደወልን፣ የሚሠራበት ሰው ለዕረፍት ወጥቷል ተባልን። ነሐሴን ያን ጊዜ ረገምኩት። በመጨረሻ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ቀዳች። መልኩ ከስሱ ጠላ የደፈረሰ ነበር። ተህዋስ ይበቅልበት እንደሆነ እንዲታይ ላቦራቶሪ ላከችው።

ያን ቀን ሲኞር ኤሊዮ ሰርዲናቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ክሊኒኩ ዓሣ እንደማያጣ ያውቃሉ፤ ግን የራሳቸው ካልሆነ አያምኑም። ማሪሳ አላየቻቸውም። ፊቷ ላይ ዓሣውን ወዘወዙት፣ ዞር አለች። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው ብዬ ልቀልድ አስቤ ነበር፤ ሽማግሌው ባዶውን ፌስታል አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ ግን ቀልዱን ተውኩት። ሲወጡ ለፍራንቼስካ አንድ ነገር ጣል አደረጉላት፤ ምን እንዳሏት ጠየቅኋት።

«ቃል ገብተሽልኛል ነው ያሉኝ» አለች።

ሐሙስ አንድ ሐሳብ እየከነከነኝ ተነሣሁ። በእኛ አገር ውርንጭላ ሲወለድ ለቡዳ እያሉ እግሩ ላይ ክር የሚያስሩ አሉ። ውርንጭላው ያድጋል፣ ክሩ አያድግም። ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል፣ ከላይ ቁስሉ ይድናል፣ ፀጉርም ይበቅልበታል፤ ከክሩ በታች ያለው መገጣጠሚያ ግን ያብጣል። ባለቤቱ ጉልበቱ ታመመ ብሎ ያመጣዋል። እንዲህ ያለውን ደጋግሜ ስላየሁ፣ እብጠት ሲያጋጥመኝ ከእብጠቱ በላይ በጥፍሬ ዙሪያውን መፈተሽ ልማዴ ነው። ከማክሰኞው ውርደት በኋላ አፌን መክፈት ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንም ለፍራንቼስካ ነገርኳት።

«ክሩን የሚያስሩት ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሰው በዓይኑ እንዳይበላው።»

አልሳቀችም። አያቷም አንገቷ ላይ ቀይ ነገር አስረውላት እንደነበር ነገረችኝ። «መረቡን ከላይዋ ሁሉ ቆርጠን አንስተናል» አለች። «ግን ናይለን ራጅ ላይ አይታይም፤ እንየው።»

አልትራሳውንዱን አመጣች። የመጣሁለትን መሣሪያ እውነትም ያን ጊዜ ነው ሲሠራ ያየሁት። ከክርኑ በላይ፣ እኔ በተማመንኩበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ፈተሸች። ምንም የለም። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሷ መሣሪያውን አላነሣችም፤ ወደ ማሪሳ ብብት አቅጣጫ፣ ቆዳው ወደሚታጠፍበት ገፋችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ደማቅ ነጥብ ብልጭ አለ። መሣሪያውን ስታዞረው ነጥቡ ወደ መስመር ተለወጠ።

ለማሪሳ ማደንዘዣ ሰጠናት። እኔ ራሷን ያዝኩ፤ ፍራንቼስካ ቆዳውን ከፍታ በመቆንጠጫ ቀስ እያለች ጎተተች። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር እየተጠቀለለ ወጣ፤ እንደ ፀጉር ቀጭን ቢሆንም ሲሳብ የማያልቅ የሚመስል። ክሩ ክንዷን አንቆ የደሙን መመለሻ ዘግቶት ኖሯል። ፍራንቼስካ ግን ገና አልተደሰተችም። «ክሩ ያሳበጠው መሆኑን አወቅን» አለች። «ክሩ በከፈተው መንገድ ደግሞ መርዙ ገብቶ እንደሆነ አላወቅንም።» ልክ ነበረች። ሁሉም ነገር ላቦራቶሪ የተላከችው ፈሳሽ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ።

ዓርብ የጣሊያኖቹ ታላቅ በዓል ነው። እነሱም እመቤታችን ዐረገች ብለው ያከብራሉ፣ እኛም የእሷኑ ጾም ይዘናል፤ ልዩነቱ እነሱ ይበላሉ፣ እኛ እንጾማለን። ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ ጎዳናው ጭር ያለ ነው። ከሜትሮው ወርጄ አውቶቡስ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚመጣ ጠፋ፤ በእግሬ ተነሣሁ። ቢሾፍቱ ቢሆን አንዱ ባለጋሪ «ውጣ ዶክተር» ይለኝ ነበር። ላቤ እስከ ጫማዬ ወርዶ፣ ጥላ ፍለጋ አንድ አጥር ሥር ቆሜ ሳለ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት ምንም ሳይጠይቁኝ አንድ ጠርሙስ ውሃ በገመድ አወረዱልኝ። ሰዓቱ ገና ጾም ነው። ጠርሙሱን ተቀብዬ፣ እጅ ነስቼ፣ ውሃውን ራሴ ላይ አፈሰስኩት። ሴትየዋ በአድናቆት ይሁን በድንጋጤ አላውቅም፣ ሁለተኛ አወረዱልኝ።

ክሊኒክ ስደርስ ፍራንቼስካ ደረጃው ላይ ስልክ ይዛ ተቀምጣለች። ላቦራቶሪው በበዓል ዝግ ነው፤ ነገር ግን እዚያ የምትሠራ ጓደኛዋ ከቤተሰቧ የምሳ ማዕድ ተነሥታ ሄዳ አይታላታለች። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው፣ እንዳነበው፤ ጣሊያንኛ ነው፣ አላነበብኩትም።

«ምንም አልበቀለም» አለችኝ። «ምንም። በማይክሮስኮፕም የታየው የመገጣጠሚያው መቆጣት ብቻ ነው።» ከዚያ እግሯን ዘርግታ በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በእኛ አገር ደንብ ትከሻዋን መታ መታ ማድረግ ይገባኝ ነበር፤ እሷን ስለፈራሁ ደረጃውን መታ መታ አደረግኩ።

ጥያቄው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ነበር፤ የረጋ መግል ተህዋሱን ደብቆ ሊይዝ ይችላል። የሚለየው ክንዱ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማሪሳን ወደ ጥልቁ ገንዳ ወሰድናት። ሲኞር ኤሊዮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጥተዋል። እትዬ ወርቅነሽም አሮጊቷን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ፤ «ይኼን ያህል ያስጨነቀችህን ልያት» ብለው። ሲያዩዋት አማተቡ።

ውሃው ላይ ስንለቃት ተንሳፈፈች። አትቀዝፍም፣ አትሰምጥም፤ ቀኝ ክንዷን ከደረቷ አስጠግታ ይዛለች። ፈረስም የሚያመውን እግር እንዲህ ነው የሚያነሣው። ጊዜው ረዘመ። ፍራንቼስካ አንድ ሰርዲን ወርውራ ከታች አሰመጠችው። ሽማግሌው የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

ከዚያ ማሪሳ ራሷን ወደ ታች ደፋች። ክንዷ ተዘረጋ፤ አንዴ ገፋች፣ ወደ ጎን ዞረች፣ በኋለኞቹ እግሮቿ ራሷን አቃናችና እንደገና ገፋች። ወረደች። ከታች አቧራ የመሰለ ነገር ተነሣ፣ ሰርዲኑ ጠፋ። ቆየች፤ በጣም ቆየች። ስትወጣ በሌላኛው ጠርዝ ነው የወጣችው፤ ፉት ብላ አየር ሳበችና መልሳ ጠለቀች።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ ጣሊያንኛቸው ጠፍቷቸው።

ሲኞር ኤሊዮ አጎንብሰው ለውሃው አንድ ነገር አሉ። ፍራንቼስካ እየሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች ተረጎመችልኝ። «አሁን መረቤን አውቀሽዋል፤ ስታዪው በሩቁ ዙሪ አሏት።»

እሑድ ተመለስኩ። ካፖርቴ ሳይለበስ ሄዶ ሳይለበስ ተመለሰ፤ ቦቲዬን ግን ፍራንቼስካ ገንዳ ለማጠብ ጥሩ ነው ብላ ወሰደችው። ቢሾፍቱ ዝናቡ እየወረደ ጠበቀኝ። በማግስቱ ያከምኩት አንድ የጋሪ ፈረስ ነው፤ ሙቀቱን ለመስማት የእጄን ጀርባ ስዘረጋ አፍሬ ቴርሞሜትር ጨመርኩበት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ፍራንቼስካ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ጧት ባሕሩ ዳርቻ ላይ የተነሣ ነው፤ ኤሊዋ ውስጡ የለችም። ያለው አሸዋ ላይ የቀረ ዱካ ብቻ ነው። ፍራንቼስካም አንድም ቃል አልጻፈችበትም፣ ማንበብ እንደምችል ታውቃለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሚያነክስ እንስሳ ዱካ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ የታመመ እግር መሬቱን ነካ አድርጎ ያልፋል እንጂ አይረግጥም። ስልኩን ወደ ብርሃን ይዤ የቀኙን ምልክቶች አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። ሁሉም ጥልቅ ናቸው፣ ሁሉም እኩል፤ ተጭናበት ከመጣችው ሣጥን ከወጣችበት ጀምሮ ውሃው እስከሚጀምርበት ድረስ።